ትልልቅ ጎማ መግጠም (በአሮጌ ፒካፕ)

ትልልቅ ጎማ መግጠም ማለት ፋብሪካው ካወጣው የሰፋና የረዘመ ጎማ፣ አንዳንዴም ከነቸርኬው፣ መቀየር ነው። በአሮጌው ባለ ፎር ዊል ቶዮታ ሃይሉክስ ላይ በብዛት ይሠራል። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል የፊት እግሩ በድፍን አክስልና በባሌስትራ የቆመ ስለሆነ ከፍ ለማድረግ አያስቸግርም።

225/75-15 ጎማ ወርዶ በቦታው ባለ 31 ኢንች ሲገባ ቁመቱ በ7 ሳንቲም ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ መኪናው ከመሬት የሚርቀው ግን በግማሹ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮንታኪሎሜትሩ 100 ሲያሳይ መኪናው ወደ 110 ይከንፋል። ዲፈረንሻሉ 4.10 ከነበረ 3.74 የሆነ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ዳገት ላይ ማርሽ ማውረድ ይበዛል፣ ፍሪሲዮኑም ይጎዳል። ወደ 4.56 ጥርስ መቀየር አቅሙን ይመልሳል፣ ርካሽ ግን አይደለም። ፍሬንና ኩሽኔታም ጫናው ይከብዳቸዋል።

ከገጠሙ በኋላ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሮ ፓራፋንጎውን ከውስጥ መዳበስ ይገባል፤ እጅ ላይ ጥቁር የጎማ ብናኝ ከቀረ ይነካካል ማለት ነው። ቆሞ ያልነካ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሊነካ ይችላል። መጠባበቂያው ጎማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ትልቁ ከጭነት ሳጥኑ ሥር ላይገባ ይችላል።