የአሜሪካ መንግሥት ለወጣቶች የአእምሮ ጤናና ሱስ የሚሰጠው ድጎማ በየት በኩል ያልፋል?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚካሄዱ የኮሚዩኒቲ ስብሰባዎች ላይ የወጣቶቻችን ጉዳይ ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «መንግሥት ለወጣቶች የአእምሮ ጤናና ለሱስ ሕክምና በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይመድባል ይባላል። ታዲያ ልጃችን ሲታመምብን ደፍረን የምንገባበት፣ ቋንቋችንን የሚያውቅ ባለሙያ ያለበት ቢሮ በቅርባችን የሌለው ለምንድን ነው?» የሚል ነው። አንዳንዱ «አድልዎ ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የእኛ ሰው መቼ ተባብሮ ያውቃል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው በድጎማው ሕግና አሠራር ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ገንዘቡ የሚሄደው ችግሩ ወዳለበት ቦታ ብቻ ሳይሆን፣ ይበልጡን ችግሩን በቁጥር አስደግፎ ለማቅረብና ሒሳቡን ለማወራረድ ወደሚችለው ወገን ነው። አካሄዱን ከምንጩ ጀምሮ ማየቱ ይጠቅማል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዋሽንግተን ወደ ስቴቶች

የዛሬው አሠራር መነሻ፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላትን ለማቋቋም የፈረሙት ሕግ ነው። ሐሳቡ ሕሙማን በትላልቅ ሆስፒታሎች ተዘግቶባቸው መኖራቸው ቀርቶ በየሰፈራቸው እንዲታከሙ ነበር። በዚያ ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት ለማዕከላቱ በቀጥታ ይከፍል ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 ይህንኑ የሚያጠናክር ሕግ ቢያወጡም፣ የሬጋን አስተዳደር በ1981 የሕጉን አብዛኛውን ክፍል አስሽሮ ገንዘቡን በጥቅሉ ለስቴቶች አስረከበ። «ብሎክ ግራንት» የሚባለው ጥቅል ድጎማ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በ1992 የሱስና የአእምሮ ጤና አገልግሎቶች አስተዳደር፣ በምሕጻረ ቃል አጠራሩ «ሳምሳ»፣ ሲቋቋም ጥቅል ድጎማውም የአእምሮ ጤናና የሱስ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ።

አንባቢ ነገሩን በአገራችን ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ከሚሰጠው የድጎማ በጀት ጋር ሊያመሳስለው ይችላል። ክልሎቻችን ጥቅል ድጎማውን ለመንገድም ለትምህርትም እንደ ፍላጎታቸው ይደለድሉታል። የአሜሪካው ግን ለአንድ ዘርፍ የታሰረ ከመሆኑም በላይ በዘርፉ ውስጥም ብዙ ገመድ አለበት። በ2023 የበጀት ዓመት ለአእምሮ ጤናው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለሱሱ ደግሞ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመድቦ ነበር። ከሱሱ ድጎማ ቢያንስ 20 በመቶው ገና ሱስ ላልያዛቸው ሰዎች መከላከያ እንዲውል ሕጉ ያዛል፤ ይህ በአብዛኛው ወጣቶችን የሚመለከት ነው። ከአእምሮ ጤናው ድጎማ ደግሞ 10 በመቶው ከባድ የአእምሮ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከሰት ፈጥኖ ለመድረስ ይመደባል። ይህ ድርሻ በ2014 ሲጀመር 5 በመቶ ነበር።

ስለዚህ 10 በመቶ ትንሽ ልበል። ሰውን ከእውነታው ዓለም የሚነጥሉት፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰሙትና ያለ ምክንያት የሚያስጠረጥሩት ሕመሞች በብዛት የሚጀምሩት ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ባለው ዕድሜ ነው። ልጁ ኮሌጅ በገባበት፣ ቤተሰቡ ምርቃት በሚጠብቅበት ወቅት ማለት ነው። በእኛ ቤት በዚህ ጊዜ «ጥናት በዝቶበት ነው»፣ «አገር ቤት ደርሶ ቢመጣ ይሻለዋል» ይባላል፤ ጠበልም ይታሰባል። ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። የሚጎዳው ያለ ሕክምና የሚያልፈው ጊዜ ነው፤ ሕክምናው በቶሎ ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ እንደሚሆን በጥናት ተረጋግጧል። በዚህ ድርሻ የሚሠሩት ቡድኖች ሐኪም፣ የምክር ባለሙያና ወጣቱን ወደ ትምህርት ወይም ወደ ሥራ የሚመልስ ረዳት አቀናጅተው ይይዛሉ፤ ቤተሰቡንም ያስተምራሉ። ስቴቶች ገንዘቡን ስለሚቀበሉ አገልግሎቱ በየስቴቱ አለ። ወላጆች ስሙን ሰምተው ስለማያውቁ ብቻ የሚቀርባቸው አገልግሎት ይኸው ይመስለኛል።

ስቴቱ ገንዘቡን ሲቀበል ግዴታ ይገባል። ከራሱ ካዝና ያወጣ የነበረውን ወጪ ከቀደሙት ሁለት ዓመታት አማካይ በታች ማውረድ አይችልም። የአእምሮ ጤናውን ዕቅድ የሚገመግም ምክር ቤት ማቋቋም አለበት፤ ከአባላቱም ቢያንስ ግማሾቹ የመንግሥት ሠራተኞችም አገልግሎት ሰጪዎችም መሆን የለባቸውም። ከባድ የስሜት ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆችም መወከል አለባቸው። ይህ ወንበር ያለ ፕሮፖዛልና ያለ ኦዲት የሚገኝ መሆኑን ለኮሚዩኒቲ መሪዎች ደጋግሜ እናገራለሁ።

ከግዴታዎቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ በኦክላሆማው የምክር ቤት አባል በማይክ ሲናር ስም የሚጠራው የ1992 ድንጋጌ ነው። ድንጋጌው ትምባሆን ለልጆች መሸጥን ከሱስ ሕክምናው ገንዘብ ጋር አስተሳሰረ። እያንዳንዱ ስቴት በየዓመቱ ሱቆችን በዕጣ መርጦ ሳያስታውቅ ይፈትሻል፤ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ወጣቶች ገብተው ሲጋራ ለመግዛት ይሞክራሉ። ከተፈተሹት ሱቆች ከ20 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሸጠው ከተገኙ ስቴቱ እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ድጎማ ሊቀነስበት ይችል ነበር። በ2019 መጨረሻ የመግዣ ዕድሜው ከ18 ወደ 21 ከፍ ሲል ቅጣቱ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ። በአገራችንም በዚያው በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ይከለክላል። እዚህ ግን ሱቁ በሸጠ ቁጥር በጀቱ የሚነካበት መሥሪያ ቤት አለ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

በውድድር የሚሰጡት

ከጥቅል ድጎማው ሌላ ድርጅቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ተወዳድረው የሚያገኙት ገንዘብ አለ። አንዳንዱ የተወለደው ከሐዘን ነው። የኦሪገኑ ሴናተር የጎርደን ስሚዝ ልጅ ጋሬት በ2003፣ 22 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ራሱን አጠፋ። በቀጣዩ ዓመት በስሙ የወጣው ሕግ ስቴቶች፣ የነባር ሕዝቦች አስተዳደሮችና ኮሌጆች ከ10 እስከ 24 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል የሚወዳደሩበትን ድጎማ ፈጠረ። በ2022 በዩቫልዲ፣ ቴክሳስ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ከተፈጸመው ግድያ በኋላ የወጣው ሕግ ደግሞ ለትምህርት ቤቶች የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛና መቅጠሪያ 1 ቢሊዮን ዶላር መደበ።

ለአነስተኛ ማኅበረሰቦች የበለጠ የሚቀርበው ግን በ1997 የወጣው «ከአደንዛዥ ዕፅ ነፃ ማኅበረሰቦች» የተባለው ሕግ ነው። ድጎማው በዓመት እስከ 125 ሺህ ዶላር ሆኖ ለአምስት ዓመት ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ ታድሶ እስከ አሥር ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። አመልካቹ ቢያንስ ስድስት ወር የሠራ ጥምረት መሆን አለበት። በጥምረቱ ውስጥ ከ12 ዘርፎች የተውጣጡ ሰዎች እንዲኖሩ ይጠየቃል፤ ወጣቶች፣ ወላጆች፣ ነጋዴዎች፣ መገናኛ ብዙኃን፣ ትምህርት ቤት፣ ፖሊስ፣ የሃይማኖት ተቋማትና የጤና ባለሙያዎች ከእነዚህ ውስጥ ይገኙበታል። ለስድስት ዓመት መንግሥት ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ዶላር ጥምረቱ አንድ ዶላር ያዋጣል። ከዚያ በኋላ መዋጮው ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ዓመት ለአንድ ዶላር አንድ ዶላር ከሃምሳ ይደርሳል።

ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ነገር ግን መዋጮው በጥሬ ገንዘብ ብቻ እንዲሆን ሕጉ አያስገድድም። የበጎ ፈቃደኞች ሰዓት፣ በነፃ የተሰጠ አዳራሽ ኪራይ፣ የሒሳብ ባለሙያ ያለ ክፍያ የሠራው ሥራ ሁሉ በገበያ ዋጋ ተተምኖ ይቆጠራል። አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቻችን በየሳምንቱ የሚሰጡት ነፃ አገልግሎት በዚህ ስሌት ቀላል አይሆንም። ችግሩ ማንም አለመመዝገቡ ነው። የማን ሰዓት፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ሥራ እንደዋለ የሚያሳይ የተፈረመ ወረቀት ከሌለ ያ ሁሉ ድካም ዜሮ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የዚህ ድጎማ ውጤት የሚለካው በአልኮል፣ በትምባሆ፣ በማሪዋናና ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚወሰዱ መድኃኒቶች ነው። ጫት በመለኪያው ውስጥ የለም፤ ትኩሱ ጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን ግን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተቀምጧል። ስለ ጫት ብቻ የሚያወራ ማመልከቻ ፍላጎታችንን በትክክል ቢገልጽ እንኳ ነጥብ አያስቆጥርም።

ያልተቆጠረ ችግር

ማመልከቻ ሲገመገም የመጀመሪያው ጥያቄ «የአገልግሎቱ ፈላጊ ስንት ነው? መረጃህ የታለ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ እንወድቃለን። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ኢትዮጵያዊ ብለው ተመዝግበዋል። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ የጤና ጥናቶችና የሆስፒታል ቅጾች ላይ ልጆቻችን «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ስንቱ ወጣት እንደታመመ፣ ስንቱ ሕክምና እንዳቋረጠ በቁጥር ማሳየት አይቻልም። በማርች 2024 የፌዴራሉ መንግሥት የዘር መረጃ አሰባሰብ መመሪያውን ሲያሻሽል በዚህ ሳጥን ሥር ስድስት ዝርዝር ምርጫዎች እንዲገቡ ደንግጓል፤ ከስድስቱ አንዱ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ነው። መሥሪያ ቤቶች ለመተግበር እስከ 2029 ድረስ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። እስከዚያው በየቀበሌው በራስ የተዘጋጀ፣ ስም የማይጠይቅ መጠይቅ ከምንም ይሻላል።

የወረቀቱ ሥራም የራሱ ወጪ አለው። ለፌዴራል ድጎማ ለማመልከት በመንግሥት መዝገብ ተመዝግቦ መለያ ቁጥር ማውጣትና ምዝገባውን በየዓመቱ ማደስ ያስፈልጋል። በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የፌዴራል ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅት ልዩ ኦዲት ይደረግበታል፤ እስከ 2024 ድረስ ጣሪያው 750 ሺህ ዶላር ነበር። ከመንግሥት ጋር ተደራድሮ የጸደቀ የአስተዳደር ወጪ መጠን የሌለው ድርጅት ለቢሮ ኪራይ፣ ለመብራትና ለሒሳብ ሠራተኛ እስከ 15 በመቶ መጠየቅ ይፈቀድለታል። በዚህ ምክንያት አዲስ ድርጅት በቀጥታ ከሳምሳ ጋር ከሚጀምር ይልቅ ካውንቲው ወይም አንድ ትልቅ ክሊኒክ ባገኘው ድጎማ ውስጥ በንዑስ ተቀባይነት ቢገባ ይሻለዋል። ገንዘቡ ያንሳል፤ ነገር ግን ልምዱ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ማስረጃ ይሆናል።

ገንዘቡ ሲቆም

ድጎማ ጊዜ አለው፤ የተቀጠረው ባለሙያም የሚቆየው እስከዚያው ነው። ሌላው ስጋት የፖለቲካ ነው። ከ2022ቱ ሕግ ለትምህርት ቤቶች የተሰጠውን ገንዘብ የትምህርት ሚኒስቴር በኤፕሪል 2025 እንደማያስቀጥል ለተቀባዮቹ አስታወቀ፤ ስቴቶች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። በጃንዋሪ 2026 አጋማሽ ደግሞ ሳምሳ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጉ ድጎማዎችን በደብዳቤ ማቋረጡን ገልጾ፣ በማግስቱ ውሳኔውን ሻረ። በእነዚያ ሃያ አራት ሰዓታት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ማሰናበት የጀመሩ ድርጅቶች ነበሩ። አንድ ወጣት ለወራት ተለማምዶ ምሥጢሩን የነገራት የምክር ባለሙያ በአንድ ቀን ደብዳቤ ስትሄድበት ለሌላ ሰው እንደገና ይናገራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ስለዚህም ቤተሰብ ተስፋውን በድጎማ ላይ ብቻ መጣል የለበትም። ሜዲኬይድ ያለው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ለሕመሙ አስፈላጊ የሆነውን ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ይህ ከ1967 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ መብት እንጂ በውድድር የሚገኝ አይደለም። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግን የስደተኞችንና የጥገኝነት ፈቃድ ያገኙ ሰዎችን የሜዲኬይድ ተጠቃሚነት ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲጠብ ስላደረገ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያላወጡ ወገኖች ሁኔታቸውን አስቀድመው ቢያጣሩ ጥሩ ነው። «ስማችን ይጠፋል» ብለው ለሚሰጉ፣ የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ በጠበቀ የፌዴራል ሕግ ይጠበቃል።

ቋንቋን በተመለከተ በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡና ዋና ዋና ሰነዶችን እንዲያስተረጉሙ ያስገድዳል። ትርጉም ከሚዘጋጅባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በሌሎች ስቴቶችም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይገደዳል፤ ልጅን የእናቱ አስተርጓሚ አድርጎ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። በጭንቅ ሰዓት ለሚደወልበት 988 የስልክ መስመር ከ240 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች አስተርጓሚ ይገኛል፤ ቋንቋውን በእንግሊዝኛ ጠርቶ መጠበቅ ነው። ወጣቶች በሚመርጡት የጽሑፍ መልእክት ግን አገልግሎቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው።