ጋዜጣና የሕዝብ ተሳትፎ በቦረና አካባቢ

ጋዜጣ የዜና ማሠራጫ ብቻ ሳይሆን ሕዝብ በራሱ ጉዳይ የሚመክርበት መድረክ ነው። በቦረና ግን ምክክሩ ጋዜጣን ቀድሞ የኖረ ነው፤ በየ8 ዓመቱ የሚሰበሰበው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕግን መርምሮ በቃል ያውጃል። ስለዚህ ለሕዝቡ የጎደለው የመመካከር ልማድ ሳይሆን በቋንቋው የተጻፈ ጽሑፍ ነበር።

ይህን ጉድለት ለማቃለል ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ በኦሮምኛ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል መታተም የጀመረው «በሪሳ» ጋዜጣ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። ሆኖም ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ካጣ የተማረውን ይረሳል፤ የሚያነበው የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሲሆንም ተመልካች እንጂ ተሳታፊ አይሆንም። በአዲስ አበባ የሚዘጋጅ ጋዜጣ ደግሞ የየወረዳውን ጉዳይ ሁሉ ሊያዳርስ አይችልም።

የቀረውን ሥራ የትምህርት ቤት የግድግዳ ጋዜጣ ሊሠራው ይችላል። ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል በነበረችው በቡሌ ሆራም ሆነ በነጌሌ ቦረና፣ ተማሪው ሽማግሌዎች ስለ ውሃና ስለ ግጦሽ አጠባበቅ የሚናገሩትን ጽፎ ቢለጥፍ፣ ማንበብ ለማይችሉትም ቢያነብላቸው፣ የቃሉ ሸንጎና ጽሑፉ ይገናኛሉ። እንግዲህ መምህራን ርእሱን ከአካባቢው ይምረጡ፤ ዕቅድ አውጪዎችም የመማሪያ መጻሕፍትን ሲቆጥሩ የጋዜጣውን ወረቀት አብረው ይቁጠሩ።