በረሃን በርካሽ መኪና የማቋረጥ ታሪክ

ከአስፋልት ውጭ ረጅም መንገድ ለመጓዝ ፎር ዊል ድራይቭ መኪናውን የሚያሰናዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሚገዛው ዕቃ ነው፤ ከፍ ያለ ባሌስትራ፣ ሰፋፊ ጎማ፣ ዊንች፣ የብረት መከላከያ፣ ፖርቶ መጋላ፣ ተጨማሪ መብራት። ገንዘቡ ካልበቃ ጉዞው ይቀራል፤ ከበቃም መኪናው ገና ከግቢ ሳይወጣ ከብዶ ያድራል። ይህ ሙያ ግን ታሪክ አለው፤ ታሪኩን የመረመረ ሰውም የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ከ1916 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በግብፅና በሊቢያ በረሃ ላይ መኪናን ለሩቅ ጉዞ የማሰናዳትን ጥበብ ያበጁት ሰዎች የያዙት በገበያው ላይ ከነበሩት መኪናዎች ርካሾቹን ነበር። ዕቃ ከመጨመራቸው በፊት ዕቃ ያነሱ ነበር፤ ከጨመሩት ውስጥም ዋና ዋናው ከቆርቆሮ፣ ከሽቦና ከወዳደቀ ብረት የተገኘ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም ብዬ እከራከራለሁ። በረሃውን የከፈተላቸው የክብደት ሒሳብ ነው።

መነሻው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዞች ከግብፅ በስተምዕራብ የነበሩትን የሰኑሲ እስላማዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ለመከታተል በ1916 ላቋቋሙት ቀላል የመኪና ቃፊር ጦር የሰጡት ፎርድ ሞዴል ቲ ነበር። ሞተሩ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ አለው፤ የሚገፉትም የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ሆኖም መኪናው ቀላል ነው፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፣ ሲበላሽም በጥቂት መፍቻ ይጠገናል። የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ሞዴል ቲ የውሃ ፓምፕ የለውም፤ ውሃው የሚዘዋወረው በሙቅና በቀዝቃዛ ልዩነት ብቻ ስለሆነ መኪናው አሸዋ ላይ በከባድ ማርሽ ሲጎተት ራዲያተሩ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በንኖ ይጠፋል፣ ሰው ሊጠጣው የተያዘው ውሃ ለሞተር ይሆናል። መፍትሔው ከራዲያተሩ ቱቦ ስቦ፣ በመኪናው ጎን ወደታሰረና ጥቂት ውሃ ወዳለበት ቆርቆሮ ማስገባት ነበር። እንፋሎቱ ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ሲገናኝ መልሶ ውሃ ይሆናል፤ ሞተሩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ራዲያተሩ ውሃውን ከቆርቆሮው መጥጦ ይመልሰዋል። የዚህ ሁሉ ዋጋ የአንድ ቆርቆሮና የአንድ ቱቦ ዋጋ ነው። ዛሬ በብዙ መኪናዎች ኮፈን ሥር የምናየው የራዲያተር ውሃ ማጠራቀሚያ ፕላስቲክ የሚሠራው በዚያው ዘዴ ነው።

በዚያው ዘመን የባለጸጋ መንገድም ነበር። የፈረንሳዩ ሲትሮየን ከኋላ በጎማ ሳይሆን በሰንሰለት የሚሄዱ መኪናዎች ሠርቶ በታኅሣሥ 1922 ከአልጄሪያዋ ቱጉርት አስነሣ፤ በጥር 1923 ቲምቡክቱ ገቡ። የግብፁ ልዑል ከማል አልዲን ሁሴንም በእንዲህ ያሉ መኪናዎች ወደ ደቡብ ምዕራብ ግብፅ ዘልቆ በ1926 ጊልፍ ከቢር ብሎ የሰየመውን ግዙፍ አምባ ለዓለም አሳወቀ። ሥራቸው ትልቅ ነው፤ ማቃለል ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን ሰንሰለት የለበሰ መኪና ከባድና አዝጋሚ ነው፣ ነዳጅ ይፈጃል፤ ያን ያህል ነዳጅ በረሃ ውስጥ ለማግኘት ደግሞ ሌላ ድርጅትና ሌላ ገንዘብ ይጠይቃል። ልዑል ይህን ይችለዋል።

ራልፍ ባግኖልድ ልዑል አልነበረም። በ1896 የተወለደ፣ በመሐንዲስ ጦር ኋላም በመገናኛ ክፍል ያገለገለ እንግሊዛዊ መኮንን ሲሆን በ1926 ወደ ግብፅ ተመደበ። እሱና የሥራ ባልደረቦቹ ፈቃድ እየወሰዱ፣ ወጪውንም ከኪሳቸው እያዋጡ መጀመሪያ በሞዴል ቲ፣ ቆይተውም በሞዴል ኤ ፎርድ በረሃ መግባት ጀመሩ። ለጉዞው የማይጠቅመውን ከመኪናው ላይ እያነሱ ቦታውን ለቤንዚን፣ ለውሃና ለመለዋወጫ ያደርጉታል። አሸዋ ለዋጠው ጎማ የሚያነጥፉትን ብረት ያገኙት ካይሮ ውስጥ ከአንድ የወዳደቀ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ለምሽግ ጣሪያ የተሠራ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም ጎድጓዳ ብረት ነበር። አቅጣጫን ለማወቅ የማግኔት ኮምፓስ አልሆነላቸውም። የመኪናው ብረት ያሳስተዋል፣ ንዝረቱም አያስነብበውም፤ በትክክል ለማየት በየጊዜው ቆሞ ከመኪናው መራቅ ግድ ነው። ባግኖልድ በዲግሪ የተከፋፈለ ትንሽ ክብ ሳህን መሐል ቀጥ ያለ መርፌ አቆመ፤ ፀሐይ በየሰዓቱ የምትገኝበትን አቅጣጫ ከሠንጠረዥ እያየ ሳህኑን ያስተካክላል፣ ሾፌሩም የመርፌውን ጥላ እየጠበቀ ሳይቆም ይነዳል። ከሁሉም ርካሹ ግን ሳንቲም የማያስወጣው ነው፤ የጎማን ነፋስ መቀነስ። ጎማው ሲለሰልስ መሬት የሚነካበት ስፋት ይጨምራል፣ በእያንዳንዱ ስንዝር አሸዋ ላይ የሚያርፈው ክብደትም ይቀንሳል። ከዚህ ጋር አሸዋውን ማንበብ ተማሩ፤ ነፋስ የጠቀጠቀው የክምሩ ጎን መኪና ይሸከማል፣ ከነፋስ የተከለለው ጎን ግን ይውጣል። በዚህ ዝግጅት በ1930 መኪና አይገባበትም ይባል የነበረውን ታላቁን የአሸዋ ባሕር ተሻገሩ። ባግኖልድ ስለእነዚህ ጉዞዎች በ1935 መጽሐፍ አሳተመ፤ አሸዋ በነፋስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አጥንቶ በ1941 ያወጣው ሁለተኛው መጽሐፉም በዘርፉ መሠረት የጣለ ሥራ ሆኗል።

ርካሹ መንገድ የሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በበረሃ ክብደት ክብደትን ይወልዳል። አንድ ኩንታል የተጨመረበት መኪና ይበልጥ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ በከባድ ማርሽ ይሄዳል፤ በከባድ ማርሽ ሲሄድ ቤንዚንና ውሃ ያበዛል። የበዛው ቤንዚን ራሱ ጭነት ነው፤ 200 ሊትር ቤንዚን መያዣውን ሳይጨምር ወደ 150 ኪሎ ይመዝናል። ጭነቱ ባሌስትራ ይሰብራል፣ የተሰበረውን ለመተካት ደግሞ ትርፍ ባሌስትራ ይጫናል። ክቡ ወደ ኋላም ይዞራል፤ ከመኪናው ላይ አንድ ኩንታል ያነሣ ሰው ከነዳጁም፣ ከውሃውም፣ ከመለዋወጫውም አብሮ ይቀነስለታል። ስለዚህ ማንሣት ከመግዛት በፊት መምጣቱ ከድህነት የመነጨ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ያለውም ሰው ሊከተለው የሚገባ ቅደም ተከተል ነው።

እነዚህ ሰዎች ድሆች አልነበሩም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነትም አለው። መኮንኖች ናቸው፣ ደመወዝ አላቸው፣ ካርታ ማንሣትና ማሽን መጠገን ተምረዋል፤ ቅኝ ገዥ መንግሥትም ከኋላቸው ነበር። ያለ ዕውቀት በቆርቆሮና በሽቦ በረሃ የሚገባ ሰው ይሞታል። ይህን ተቃውሞ እቀበለዋለሁ፤ ክርክሩን ግን አያፈርሰውም። ዕውቀት ዋጋ አለው ማለት ዕቃ ዕውቀትን ይተካል ማለት አይደለም። የጎማን ነፋስ መለካት፣ የነዳጅ ፍጆታን በኪሎ ሜትር ማስላት፣ የራስን መኪና በራስ እጅ መፍታትና መግጠም ጊዜ ይጠይቃል፤ በገንዘብ ሲታይ ግን ከአንድ ዊንች ይረክሳል።

ዘዴው በብርቱ የተፈተነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ይህ ምዕራፍ አገራችንንም ይነካል። ኢጣሊያ በሰኔ 1940 ጦርነት ስታውጅ በሰሜን ሊቢያን፣ በደቡብ ኢትዮጵያን ይዛ ግብፅንና ሱዳንን በመካከል አስገብታ ነበር። ባግኖልድ በ1932 በግብፅ፣ በሊቢያና በሱዳን ድንበር ላይ ባለው ኡወይናት ተራራ ሥር ሎሬንዚኒ የሚባል ኢጣሊያዊ ሻለቃ አግኝቶ፣ መኮንኑ ከዚያ ተነሥቶ አስዋን ግድብን መምታት እንደሚቻል እንዳነሣለት ጽፏል። ኢጣሊያኖች ከበረሃው ወጥተው በአባይ ዳር ያለውን የግብፅና የሱዳን መገናኛ እንዳይቆርጡ የሚጠብቅ ጦር ያስፈልጋል ሲል ባግኖልድ በመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ለነበሩት ለጄኔራል ዌቭል አመለከተ። ዌቭል ፈቀዱ፤ የሰጡት ጊዜ ስድስት ሳምንት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1941 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማችንን የተከሉት ከዚያችው ሱዳን ተነሥተው ነውና ሥጋቱ ለእኛም ባዕድ አይደለም።

ለዚህ ጦር ከአገሬው ሻጮችና ከግብፅ ሠራዊት የተሰበሰቡት መኪናዎች አንድ ቶን ተኩል የሚጭኑ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፉ ሸቭሮሌዎች ነበሩ። በሩ፣ ጣሪያውና የፊት መስታወቱ ተነሣ፤ ባሌስትራው ተጠናከረ፤ የሰፋ ራዲያተር፣ የእንፋሎት ቆርቆሮ፣ ነፋሱ የሚቀነስ ሰፊ ጎማ፣ የብረት ንጣፍና የፀሐይ ኮምፓስ ተጨመረ። ከባግኖልድ የፈቃድ ጉዞዎች ያልተወረሰ ነገር ጥቂት ነው። በ1941 ሸቭሮሌዎቹ ሲያረጁ የመጡት ኤፍ 30 ፎርዶች ግን ባለ አራት ጎማ ገፊ ነበሩ። ዕድገት ይመስላል፤ በሥራ ላይ ሲታይ ግን ከባዶች ስለነበሩ ብዙ ነዳጅ ጠጡ፣ መኪናው ሳይሞላ የሚሄድበት ርቀትም አጠረ። በመጋቢት 1942 ካናዳ ውስጥ በተሠሩ፣ እንደገና በኋላ ጎማ ብቻ በሚገፉ ሸቭሮሌዎች ተተኩ። ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ለዚህ ክርክር ይህን የሚያክል አላገኘሁም፤ ሁለቱንም ዓይነት በጦርነት ላይ የነዱት ወታደሮች ቀላሉን መረጡ።

ያ አሸዋ ነው፣ የእኛ መንገድ ጭቃ፣ ድንጋይና ዳገት ነው የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። በክረምት ጥቁር አፈር ላይ አራቱም ጎማ መግፋቱ የሚያስገኘውን ጥቅም መካድ አይቻልም፤ ላንድሮቨር ከ1948፣ ቶዮታ ላንድክሩዘርም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዓለምን የዞሩት በከንቱ አይደለም። ሆኖም ደጋ መሬት የክብደትን ነገር ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም። ፖርቶ መጋላ ላይ የተቆለለ ጀሪካንና ትርፍ ጎማ ሜዳ በረሃ ላይ ነዳጅ ያስፈጃል፤ ጎን ለጎን ባዘነበለ የገደል መንገድ ላይ ግን መኪናውን ይገለብጣል። ከፋብሪካው መጠን ያለፈ ጎማ ኩሽኔታውን ያደክማል፣ ፍሬኑንም ያዘገያል፤ ቁልቁለት ባለበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አራት ጎማ የሚገፋ መኪና ያለው ሰው የሚያስፈልገው ዋናው ማሻሻያ ከፋብሪካ ወጥቶለታል፤ የቀረውን ገንዘብ በቅድሚያ ያረጀውን ቱቦ፣ ኩሽኔታና ፍሬን ለመለወጥ፣ ቀጥሎም ለጥሩ ጎማ፣ ለጎማ ነፋስ መለኪያና ለፓምፕ ቢያውል ከዊንችና ከመብራት ይልቅ ይመለስለታል። ከዚያ በፊት ግን ሙሉ ነዳጁን፣ ውሃውን፣ ጓዙንና ተሳፋሪውን ጭኖ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ይውጣ፤ የተገኘውንም ቁጥር በመኪናው መመሪያ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ክብደት ጋር ያስተያይ። ከበለጠ፣ እስኪስተካከል ድረስ ያውርድ፤ እስከዚያ ድረስም ምንም አይግዛ።