አቦል ምን ያህል ይከብዳል፣ ምን ያህልስ ይሰፋል?

ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የእንጦጦን ጋራ ያያል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ 705 ሄክታር የሚሸፍን ማዕከል ከመሀል ከተማው መብራት ፈንጠር ብሎ ይገኛል። በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ደመና በሌለበት ምሽት፣ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከጋራው በላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ አንዲት የአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ አባል ታልፋለች። በባዶ ዓይን አትታይም፤ ቦታዋን ለሚያውቅና አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ለያዘ ግን አትሰወርም። በከዋክብት መዝገብ ኤችዲ 16175 ትባላለች። መጠሪያ ስሟ ቡና ነው።

ስሙ የወጣላት ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት መድቦ ስም አውጡላቸው አለ። ኢትዮጵያ ኮከቧን ቡና፣ በዙሪያዋ የሚዞረውን ፕላኔት ደግሞ አቦል አለችው። ብልህ አሰያየም ነው፤ ሁለተኛ ፕላኔት ቢገኝ ቶና፣ ሦስተኛ ቢመጣ በረካ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሰሞኑ ራሱ የደመቀ ነበር። ከሳምንት በፊት ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ ፀሐይን በምትመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ፕላኔት በማግኘታቸው በስቶክሆልም የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ከ3 ቀን በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች።

አቦል የተገኘው ከስያሜው 10 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በካሊፎርኒያው የሊክ የምርምር ጣቢያ በተደረገ ልኬት ነው። ፕላኔቱን በዓይኑ ያየ የለም። ፕላኔት ሲዞር ኮከቡንም በመጠኑ ይወዘውዛል፤ ኮከቡ ወደ እኛ ሲቀርብ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ በጥቂቱ ይንሸራተታል። የተለካው ይኸው መንሸራተት ነው፤ ከዚያም የአቦል ክብደት፣ ማለትም የያዘው የቁስ መጠን፣ ተሰላ። መጀመሪያ ቢያንስ የጁፒተርን 4.4 እጥፍ ተባለ፤ በኋላ የተደረገ ልኬት ወደ 4.8 አሳደገው። ጁፒተር ብቻውን መሬትን 318 ጊዜ ስለሚከብድ፣ አቦል ቢያንስ 1,500 መሬቶችን ያክላል ማለት ነው።

ታዲያ አምስት ጁፒተር የሚያህል ክብደት አምስት ጁፒተር የሚያህል ስፋት ይሰጣል? አይሰጥም። አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ጁፒተር የመሬትን ወርድ 11 ጊዜ ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን መስፋት ያከትማል ማለት ይቻላል። ሽሮ ሜዳ ላይ የተከመረ ጥጥ በላዩ ሌላ ጥጥ ሲጫንበት ከታች እንደሚጠቀጠቀው፣ የሃይድሮጅንና የሂሊየም ክምርም ቁስ ሲታከልበት የገዛ ስበቱ ወደ ውስጥ ይጨምቀዋል። በመሀሉ ኤሌክትሮኖች ይተፋፈጉና ግፊቱን ይመክታሉ። ውጤቱ እንግዳ ነው፤ ክብደት ከአንድ ጁፒተር ተነስቶ 80 እስኪደርስ ወርዱ ባለበት ይረግጣል፣ እንዲያውም መሀል ላይ ጥቂት ይጠብባል። ስለዚህ አቦል ከጁፒተር እምብዛም እንደማይሰፋ ይጠበቃል።

በጣም የሰፉት ፕላኔቶች በጣም የከበዱት አይደሉም። ዋስፕ 17ቢ የተባለው ፕላኔት ከጁፒተር በግማሽ ያህል ቢቀልም በወርድ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋዋል። ከኮከቡ ሥር ተጠግቶ ስለሚዞር ሙቀቱ አሳብጦታል። አቦል ይህ ዕጣ አልደረሰውም። ምሕዋሩ የተለጠጠ ነው፤ ወደ 1,000 ቀን በሚፈጀው ዙሩ አንዴ መሬት ለፀሐይ ከምትቀርበው በላይ ቡናን ይጠጋል፣ አንዴ ደግሞ ማርስ ከፀሐይ ከምትርቀው ሁለት እጥፍ ገደማ ይርቃታል።

በላይኛው ጫፍ ሁለት ድንበሮች አሉ። ወደ 13 ጁፒተር ሲደርስ ዲዩቴሪየም የተባለው ከባድ ሃይድሮጅን መዋሃድ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ያለው አካል ቡናማ ድንክ ይባላል። ከ75 እስከ 80 ሲደርስ ተራው ሃይድሮጅን ይቀጣጠልና ኮከብ ይወለዳል። ሁለተኛው ድንበር የተፈጥሮ ነው። የመጀመሪያው ግን የመዝገብ ቤት ድንበር ይመስላል፤ ዲዩቴሪየም ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ድንበሩም አካሉ እንዴት እንደተፈጠረ አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነች ኢቢኤልኤም ጄ0555-57ኤቢ የተባለች ኮከብ የክብደትንና የስፋትን አለመጣጣም ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። 85 ጁፒተር ትከብዳለች፤ ወርዷ ግን ከሳተርን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ዋስፕ 17ቢ ፕላኔት ሆኖ ሳለ ይህችን ኮከብ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሰፋታል፣ በክብደት ግን መቶ ሰባኛዋንም አያክል።

አቦል ኮከብ ለመሆን የተለካው ክብደቱ ከ15 እጥፍ በላይ ማደግ ነበረበት። ቡና ከፀሐይ በሲሶ ያህል የምትከብድ ስትሆን የአቦልን 300 እጥፍ ግድም ትመዝናለች። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 195 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ዛሬ ማታ ጉለሌ የሚደርሰው በዘመነ መሳፍንት የተነሳው ነው።

«ቢያንስ» የምትለዋ ቃል ግን ሥራ ፈት አይደለችም። የብርሃን መንሸራተት የሚነግረን ኮከቧ ወደ እኛ ወይም ከእኛ የምታደርገውን ጉዞ ብቻ ነው። ምሕዋሩን ልክ ከጠርዙ የማናየው ከሆነ ትክክለኛው ክብደት ከ4.8 ይበልጣል። 13 ጁፒተርን ለመሻገር ግን የምሕዋሩ ጠለል ከሰማዩ ጠለል ከ22 ዲግሪ በታች ማዘንበል አለበት፤ ምሕዋሮች በዘፈቀደ ቢያጋድሉ ይህ የሚገጥመው ከመቶው በሰባቱ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ጋያ የተባለችው መንኮራኩር እስከ እ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ ኮከቦች በሰማይ ላይ ወደ ጎን የሚያደርጉትን ጥቃቅን ውዝዋዜ ስትለካ ቆይታለች፤ ሁለቱ ልኬቶች ሲጋጠሙ የምሕዋሩ ዝንባሌ ይታወቃል፣ «ቢያንስ» የምትለዋም ትወጣለች።