ማርቆስን ማን መረጠ?

ዛሬ ባሕር ማዶ እንግሊዝኛ ሊያስተምር የተነሳ ፈረንጅ አማርጦ ነው የሚሄደው። ሴኡል ይሻላል ቶኪዮ? ደሞዙ ስንት ነው? ቤት ይሰጣሉ? ማን ይፈርድበታል!

እ.ኤ.አ. በ1962 በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት አዲስ አበባ የገቡት ከ270 በላይ የፒስ ኮር ወጣቶች (የኛ ሰዎች «ሰላም ጓድ» ያሏቸው) ግን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ቀመስ አድርገው መጡና ተመደቡ። ያኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛው የጎደለበት ተማሪ ሒሳቡም ታሪኩም አብሮ ይጎድልበታል። ዲግሪ ያለው መምህር ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፤ የነሱ መምጣት ብቻውን ቁጥሩን እጥፍ ገደማ አድርጎታል ይባላል።

ከነዚህ ጓዶች ደብረ ማርቆስ የደረሳቸውም ነበሩ። የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ጥንት መንቆረር ትባል የነበረችው ብርዳማ ከተማ። ሁለት ዓመት ያስተምራሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሌላ ይተካል። ተማሪው በየሁለት ዓመቱ አዲስ አነጋገር ይለምዳል ማለት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። እ.ኤ.አ. በ1977፣ በደርግ ዘመን፣ ፒስ ኮር ጠቅልሎ ወጣ።

የኛ ልጆችስ? እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። እነሱም ተመድበው እንጂ መርጠው አይደለም።

እኛ ተመርቀን የምደባ ቅጽ ሲሰጠን ሦስት ባዶ መስመር ነበረው። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ ብለን ሞላን። ከመካከላችን የማርቆስ ልጆች ነበሩ። እነሱም እንደኛው ሞሉ።