ደረስጌ፣ በአበቅቴ 12

የደረስጌ ማርያምን ስም የሰማ ሁሉ ዐፄ ቴዎድሮስን ያነሣል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለራሳቸው ንግሥ ብለው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን የቋራው ካሳ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ደፋ። ዘውዱን የጫኑለት ጳጳስም፣ አቡነ ሰላማ፣ ከግብፅ የመጡት በውቤ ገንዘብ ነበር። ደረስጌ ባለችበት በጃናሞራ ተወልዶ ይህን ሳይሰማ ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ቀኑ ነው። ካሳ ውቤን ያሸነፈበት ጦርነት ዓርብ የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. አለቀ፤ ንግሡ እሑድ የካቲት 5 ሆነ። በሁለት ቀን ውስጥ! ቁስለኛው ገና ሲያቃስት፣ ምርኮው ገና ሳይቆጠር። ምን አስቸኮላቸው? የታሪክ መምህራን መልሱን ከፖለቲካው ይፈልጉታል፤ አልተሳሳቱም፣ ድል አድራጊ ከዘገየ ሌላ ባላንጣ ይነሣበታል። እኔ ግን በልጅነቴ የኔታ እግር ሥር የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የቆጠርሁ፣ ኋላም ደባርቅ ላይ ሒሳብ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና መጀመሪያ እጄ የሚሄደው ወደ ቁጥሩ ነው።

የኔታ ቁጥሩን የሚያሳዩን በገብስ ነበር። በእኛ አገር ከገብስ የቀረበ ነገር የለም። ቁርበቱ ላይ ፍሬውን ይደረድራሉ፣ እኛም እየገደፍን እናነሣለን። የ1847ን እንዲህ ነው የምንቆጥረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ዘመን በ1847 ላይ ስንደምር 7347 ይመጣል። ለ19 ብናካፍለው 13 ይተርፋል። ከዚያ አንዱን ለዘመኑ እንተዋለን፤ የቀረው 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 ስናባዛ 132፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ የሚቀረው 12 አበቅቴ ነው። ያንኑ ወንበር በ19 ስናባዛ 228፤ እንደዚያው ስንገድፍ የሚቀረው 18 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ተማሪው ተሳስቷል፤ የኔታም ምንም ሳይናገሩ ገብሱን በመዳፋቸው ጠርገው ይበትኑበታል። እኔ ዛሬም ከዚያ የተሻለ ማረሚያ አላየሁም።

መጥቅዕ 18 ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ቀን 1847 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ (የሚደመርለት ቁጥር) 4 ነው። አሥራ ስምንትና አራት 22፤ መባጃ ሐመሩ ይኸ ነው። እንግዲህ የነነዌ ጾም ሰኞ ጥር 22 ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ ከ22 ጋር 31፣ ሠላሳው ሲገደፍ 1፤ ፋሲካ ሚያዝያ 1 ዋለ። ዐቢይ ጾም ደግሞ ነነዌ በገባች በ14ኛው ቀን ይገባል፤ ሰኞ የካቲት 6።

ንግሡ እሑድ የካቲት 5፣ ጾሙ ሰኞ የካቲት 6! ቴዎድሮስ ዘውድ የደፉት በቅበላው የመጨረሻ ቀን ነው። ያቺ እሑድ ካለፈች 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ቅቤ የለም። ድል ያደረገ ሠራዊት ግብር ይጠብቃል፤ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ያለ ሰውም በሽሮ ግብር አያበላም። በሰሜን በኩል በጉም ሙክቱም ያለው በዚሁ በደጋው ላይ ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ነገር ግን ከሊቃውንቱ መካከል አንዱ «ከነገ ወዲያ ጾም ነው» ብሎ ለንጉሡ ጆሮ እንዳልነገረ ማንም አያሳምነኝም። የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት መስከረም 1 ቀን በየደብሩ የሚታወጁ ናቸውና ለተራው ገበሬም ቢሆን ቀኑ ምሥጢር አልነበረም።

ይህ ሁሉ ቁጥር የሚቆመው በ19 ላይ ነው። 19 ፀሐያዊ ዓመት ሲሞላ ጨረቃ 235 ጊዜ ትወለዳለች፤ ከዚያ በኋላ ሠርቋ ወደ ነበረበት ቀን ይመለሳል። ባቢሎናውያን ይህን ያውቁ ነበር፤ የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት 432 ዓመት በፊት አውጆታል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የእስክንድርያው ድሜጥሮስ ቀመር ተብሎ ይታወቃል። ሰማዩ ግን እንደ ገብሱ ፍሬ ሙሉ ቁጥር አይሰጥም። 19 ዓመት፣ ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ካልነው፣ 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ነው። 235 ጨረቃ ደግሞ 6939 ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል። በመካከላቸው አንድ ሰዓት ተኩል አለ። እሷ ተጠራቅማ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሆናለች።

ማየት ለሚፈልግ የ2018 ዓ.ም. መጋቢት አለ። 2018 ከ1847 በ171 ዓመት ይርቃል፤ 9 ጊዜ 19 ማለት ነው። ስለዚህ አበቅቴው ያው 12፣ መጥቅዑም ያው 18። ዕለቱ ስለሚለያይ (መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነው) ፋሲካው ሚያዝያ 4 ይወጣል እንጂ የቀመሩ ጨረቃ አንድ ናት። በቀመሩ ሙሉ ጨረቃ መጋቢት 28 ነው። በሰማዩ ግን መጋቢት 24 ሊነጋጋ ሲል ትሞላለች። አራት ቀን! መጋቢት 28 ማታ በጃናሞራው መካነ ብርሃን ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚጠብቅ ሰው ጨረቃን የሚያገኛት ራት ተበልቶ፣ እሳቱ ተዳፍኖ፣ ጎድላ ነው።

የኔታ የሚቆጥሩት አማካይዋን ጨረቃ ነው፤ እውነተኛዪቱ አንዴ ትፈጥናለች አንዴ ትዘገያለች። ምድር ብቻ ብትስባት ኖሮ መንገዷ ቀላል ነበር፤ ፀሐይም በበኩሏ ስለምትስባት ይዛነፍባታል። በ1687 እ.ኤ.አ. የስበትን ሕግ ያሳተመው ኒውተን እንኳ በዚህች ጨረቃ ብዙ ተሠቃይቷል። በ1582 እ.ኤ.አ. የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 10 ቀን አስቆርጠው የጨረቃውንም ሠንጠረዥ አሳረሙ። እኛ አላረምንም። ለምን አልታረመም ብሎ የሚሟገት ወጣት ሲገጥመኝ፣ ቀመሩ የተሠራው ቀይ ባሕር ዳርም አክሱምም ሰሜን ተራራም ያለው ሰው ሳይላላክ በአንድ ቀን እንዲጾም ነው እለዋለሁ። ለዚያ ሥራው እስካሁን አልከሸፈም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመኝ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። የፀሐይንና የጨረቃን መውጫና መግቢያ ስድስት ስድስት በር አድርጎ የሚዘረዝረው ክፍል፣ ቀኑ በጣም ሲረዝም ከሌሊቱ እጥፍ ይሆናል ይላል። ጃናሞራ ላይ ትልቁ ቀን ከትንሹ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ከ11 ሰዓት ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ቢሆን ነው። የሄኖክ ሰማይ የሌላ አገር ሰማይ ነው። የእኛዋ ፀሐይ ሚያዝያ 17 ገደማ ልክ አናታችን ላይ ትመጣለች፣ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ነሐሴ 12 ገደማ ደግሞ ትመለሳለች። በመካከሉ ባሉት ወራት የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። እስክንድርያ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ጥላ አያይም። ቢሆንም መጽሐፉን ጠብቀው ለዓለም ያቆዩት የእኛ ደብተራዎች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ሲገባ ኮከብ መለኪያውን አሸክሞ ነበር የመጣው፤ ሲመለስ የሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ፣ አውሮጳም ሙሉውን መጽሐፍ ያገኘችው በዚያ ነው። መለኪያ ይዞ መጥቶ መጽሐፍ ይዞ መሄዱን ሳስበው እስቃለሁ።

ወደ ደረስጌ ልመለስ። ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ 19 በ28። በ1847 ላይ ስንደምረው 2379 ይሆናል። በዚያ ዓመት ዘመኑ እንደገና ዘመነ ሉቃስ፣ አበቅቴው 12፣ ነነዌ ሰኞ ጥር 22፣ የካቲት 5 እሑድ ቅበላ፣ ሰኞ ጾም፣ ፋሲካ ሚያዝያ 1 ይሆናል። የሰማይዋ ጨረቃ ግን እስከዚያ ከቴዎድሮስ ዘመን ይልቅ ወደ ሁለት ቀን ገደማ ቀድማ ትሞላለች።