ቤቱ አዲስ፣ መሬቱ አሮጌ፦ የአሜሪካ መናፍስት ለምን ወደ ሰበርብ ገቡ?

መንፈስ ስላለበት ቤት የተሠራ ፊልም የሚያይ ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ትዕግሥቱ ያልቅና ወደ ስክሪኑ ይጮሃል፦ «ኧረ ውጡ!» በሩ በራሱ ይከፈታል፣ ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ ትንሿ ልጅ ከማይታይ ሰው ጋር ታወራለች። ቤተሰቡ ግን ንቅንቅ አይልም። ማታ እዚያው ይተኛል፣ ጠዋት እዚያው ቁርሱን ይበላል። ለምን አይወጡም?

መልሱ ያለው ባንክ ቤት ነው። ቤቱ የተገዛው በብድር ነው፤ ያለ የሌለ ገንዘባቸው ቅድመ ክፍያ ሆኖ ገብቷል። ወጥተው የት ይሄዳሉ? ቤቱንስ ማን ይገዛቸዋል? አሜሪካኖች ሰበርብ በሚሉት የከተማ ዳር መንደር ውስጥ የተቀመጠው የመንፈስ ታሪክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያን ያህል ገበያ ያገኘው ሰው ሰይጣንን ስለሚፈራ ብቻ አይደለም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚከፍልበትን ቤት፣ ከሥሩ ምን እንዳለ ሳያውቅ መግዛቱ ስለሚያስፈራው ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ገና ሲጀመር የርስት ጉዳይ ነበር። እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል በ1764 ያሳተመው «የኦትራንቶ ግንብ» የዘውጉ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። በዚያ ልብ ወለድ ግንቡን የያዘው መስፍን እውነተኛ ወራሽ አይደለም፤ አያቱ ጌታውን በመርዝ ገድሎ፣ በሐሰተኛ ኑዛዜ የወሰደው ርስት ነው። ሙቱ የሚነሣውም ርስቱን ለባለቤቱ ሊያስመልስ ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ታሪኮችም ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ፣ ከሰው የራቀና የባለጸጋ ነው። ኤድጋር አለን ፖ በ1839 ያወጣው የአሸር ቤት ታሪክም፣ ሸርሊ ጃክሰን በ1959 ያሳተመችው የሂል ሃውስ ታሪክም እንዲሁ ናቸው። አንባቢው ይፈራል፤ መጽሐፉን ሲዘጋ ግን የእሱ ቤት እንደዚያ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ተረጋግቶ ይተኛል።

ሰበርብ ይህን እፎይታ ነጠቀው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የሚገቡበት ቤት ግን አልነበረም። በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ መንግሥት ዋስ የሚሆንበትን የቤት ብድር አመጣ። በ1947 የሌቪት ቤተሰብ ኩባንያ ከኒውዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ድንች ይመረትበት በነበረ መሬት ቤት መሥራት ጀመረ። አሠራሩ የፋብሪካ ነበር፤ ልዩነቱ ቤቱ ባለበት ቆሞ ሠራተኛው ከቦታ ቦታ መዞሩ ነው። አንዱ ቡድን መሠረት ይሞላል፣ ሌላው ግድግዳ ያቆማል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል። በ1949 ለሽያጭ የቀረበው ቤት ዋጋው 7,990 ዶላር ነበር። በ1951 ሌቪታውን የተባለው ይህ መንደር ከ17,000 በላይ ቤቶች ነበሩት።

ገዢው ከቤቱ ጋር ሌላም ነገር ገዝቷል። ማንም ያልሞተበት መኝታ ቤት፣ ማንም ያላለቀሰበት ሳሎን፣ አዲስ ሣር፣ አዲስ ጎረቤት፤ በአጭሩ ታሪክ የሌለው ቦታ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መንፈስ ከየት ይመጣል?

ውሉን ማንበብ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ የሌቪታውን ውሎች ውስጥ ከነጭ በስተቀር ማንም ሰው በቤቱ እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ ነበር፤ ክልከላው የማይመለከተው የቤት ሠራተኞችን ብቻ ነው። ይህ ደግሞ የአንድ ኩባንያ ክፋት ብቻ አልነበረም። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ራሱ ለብድር ዋስ ሲሆን ነጮች ብቻ የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ያስቀድም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያሉ ውሎችን ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ቢወስንም ልማዱ ቀጠለ። የመንደሩ ጸጥታ በክልከላ የተገኘ ጸጥታ ነበር። ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አያነሣውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እዚያው ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ከሌቪታውን ብዙም ሳትርቅ፣ አሚቲቪል የምትባል መንደር አለች። በኅዳር 1974 አንድ የ23 ዓመት ወጣት ወላጆቹንና አራት ታናናሾቹን በተኙበት በጥይት ገደለ። በግቢው ውስጥ የቤቱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሞ ነበር፤ ትርጉሙ «ታላቅ ተስፋ» ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ለትዝ የተባሉ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ቤቱን በ80,000 ዶላር ገዙት። ግድያውን ያውቁ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ሰፊ ቤት ግን ዋጋው ርካሽ ነበር። በ28ኛው ቀን ዕቃቸውን ጥለው ወጡ። ጄይ አንሰን ታሪካቸውን በ1977 በመጽሐፍ አወጣው፤ በ1979 ፊልም ሆነና ብዙ ገንዘብ አስገባ።

የገዳዩ ጠበቃ ቆየት ብሎ ታሪኩን ከባልና ሚስቱ ጋር ወይን እየጠጡ አብረው እንደፈጠሩት ተናግሯል፤ እነሱ በበኩላቸው እውነት ነው በሚለው ጸኑ። ከእነሱ በኋላ ቤቱን የገዙት ሰዎች ያስቸገራቸው ፊልሙን አይቶ ግቢያቸውን ሊጎበኝ የሚመጣ ሕዝብ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ የቤቱ አድራሻ ሳይቀር ተቀየረ።

ታሪኩ ውሸት ከሆነ ያን ያህል ሰው ለምን ተመሰጠበት? ደራሲው ስቲቨን ኪንግ በ1981 ስለ አስፈሪ ታሪኮች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፊልሙ የሰጠው ማብራሪያ አሁንም የሚሻል አልተገኘለትም። እንደ እሱ አባባል የፊልሙ ዋና ፍርሃት ገንዘብ ነው። ተመልካቹ መስኮት ሲሰበርና ግድግዳ ሲበላሽ ሲያይ የጥገናው ወጪ ይታየዋል። ጊዜውም የኑሮ ውድነት ጊዜ ነበር። በ1981 መጸው ላይ በአሜሪካ የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ ከ18 በመቶ በላይ ደርሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤቱ ባለቤቱን ሲበላ ማየት ለብዙ ሰው የራሱን የወር ሒሳብ እንደ ማየት ነው።

በ1978 አን ሪቨርስ ሲደንስ ያሳተመችው «ጎረቤት ያለው ቤት» ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ገፋችው። ቦታው የአትላንታ ከተማ ዳርቻ፣ የደህና ኑሮ ሰፈር ነው። ቤቱ አሁን ተሠርቶ ያለቀ፣ ሁሉም የሚያደንቀው ዘመናዊ ቤት ነው። መቃብር የለበትም፣ ግድያ አልተፈጸመበትም። ሆኖም በየተራ የሚገቡበትን ቤተሰቦች አንድ በአንድ ያፈርሳቸዋል፤ ከእያንዳንዱ የሚወስደውም አጥብቆ የያዘውን ነገር ነው። ጎረቤቶች በመስኮት ያያሉ፤ የሰፈሩ ጨዋነት እንዳይጎድል ግን ዝም ይላሉ።

ከሁሉ በላይ ጉዳዩን በግልጽ ያወጣው በ1982 የታየው «ፖልተርጋይስት» ነው። ዳይሬክተሩ ቶብ ሁፐር፣ ከጸሐፊዎቹና ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። በፊልሙ የምትጠፋዋ ሕፃን አባት ሌላ ሰው አይደለም፤ የዚያኑ መንደር ቤቶች የሚሸጥ የኩባንያው ሠራተኛ ነው። አለቃው መንደሩ በመቃብር ቦታ ላይ እንደተሠራ ይነግረዋል፤ የጥንት ነገዶች መቃብር ሳይሆን ተራ ሰዎች የተቀበሩበት ነው ብሎ ሊያረጋጋውም ይሞክራል። በመጨረሻ የሚወጣው ጉድ ይህ ነው፦ ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ የመቃብር ድንጋዮቹን ብቻ አንሥቶ አስከሬኖቹን እዚያው ትቷቸዋል። ሰይጣኑ ከሲኦል አልመጣም፤ የመጣው ከኮንትራክተሩ ቢሮ ነው።

ይህ የፊልም ፈጠራ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፊልሙ ከታየ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በቴክሳስ ከሂውስተን ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ክሮስቢ፣ አንድ ቤተሰብ ለመዋኛ ገንዳ ግቢውን ሲያስቆፍር ሁለት የሬሳ ሣጥኖች ወጡ። ቦታው ብላክ ሆፕ የሚባል የጥቁሮች መቃብር ነበር፤ ከተቀበሩት መካከል በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ሰዎች ይገኙበታል። ነዋሪዎቹ ኩባንያውን ከሰሱ፤ በመጨረሻ ግን አልቀናቸውም። በፍሎሪዳም እንዲሁ ነው። በ1901 የተመሠረተው የታምፓ ከተማ የጥቁሮች መቃብር ጽዮን ከካርታ ጠፍቶ፣ በላዩ ላይ መኖሪያ ቤቶችና መጋዘኖች ተሠርተውበት እንደኖረ በ2019 የከተማዋ ጋዜጠኞች ደረሱበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እስከዚህ ድረስ የመንፈስ ታሪኩ ባለውለታ ይመስላል፤ የተቀበረውን ያወጣልና። ሌላ ገጽታ ግን አለው፤ እሱም መነገር አለበት። የአሚቲቪል መጽሐፍ ለቤቱ እርግማን ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የሺነኮክ ሕዝብ ያበዱና ሊሞቱ የቀረቡ ሰዎችን እዚያ ቦታ ይጥል ነበር የሚል ነው። የሺነኮክ ሕዝብ ግን የሚኖረው ከዚያ ርቆ፣ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ ወሬው መሠረት የለውም። ከዚያ በኋላ «የሕንዶች መቃብር» የሚለው ሰበብ ከታሪክ ወደ ታሪክ ተሸጋገረ። ውጤቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መሬቱን የተነጠቀው ሕዝብ ሞቶም አጥቂ ሆኖ ይቀርባል፤ መሬቱን የያዘው ደግሞ ምንም የማያውቅ ምስኪን ሆኖ ይታዘንለታል። ሰበርብ በመንፈስ ታሪኩ ጥፋቱን በግማሽ አፍ ይናዘዛል፤ ንስሐው ግን የለም። የዘውጉ ማራኪነት አንዱ ምሥጢርም ይኸው ነው፦ ባለቤቱ ጥፋተኛ መሆኑን እየጠረጠረ፣ ተበዳይ ሆኖ ማልቀስ ይችላል።

እውነተኛው ሽብር የት እንደነበረ ለማየት ከአሚቲቪል ወደ ኋላ፣ ወደ ሁለተኛው ሌቪታውን መመለስ ይበቃል። በነሐሴ 1957 በፔንሲልቬንያ በተሠራው ሌቪታውን ቢል እና ዴይዚ ማየርስ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር አንድ ቤት ገዝተው ገቡ። ማታ ማታ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ ደጃፋቸው ላይ ተሰበሰበ። ድንጋይ በመስኮት ገባ። ሰፈሩ ውስጥ መስቀል ተቃጠለ። ረብሻው ለሳምንታት ቀጠለ። በአሚቲቪል ፊልም ላይ ቤቱ የመጣውን ቄስ በድምፅ እንዲወጣ ያዘዋል። የማየርስ ቤተሰብን ውጡ ያለው ግን ቤቱ አልነበረም፤ ጎረቤት ነው። እነሱም ያኔ አልወጡም። ያንን ቤት ለመያዝ ከባንክ ዕዳ በላይ የሚያጸና ምክንያት ነበራቸው።

ይህን ያስተዋሉ ፊልም ሠሪዎች በቅርብ ዓመታት ዘውጉን ገልብጠውታል። በ2021 የወጣው «ዜም» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በ1953 ወደ ካሊፎርኒያዋ ኮምፕተን የገባ ጥቁር ቤተሰብ ይዞ ይነሣል። ቤቱ ውስጥ መንፈስ አለ፤ በመስኮት ሲታይ ግን ውጭ ሣሩ ላይ ወንበር ዘርግተው የተቀመጡት ጎረቤቶች አሉ። ተመልካቹ የትኛው እንደሚያስፈራ መምረጥ ይቸግረዋል።

አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ እዚህ ላይ ቢነሣ አይከፋም። በ1991 የኒውዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ናያክ በምትባል የሃድሰን ወንዝ ዳር መንደር የተሸጠ ቤት ጉዳይ ቀረበለት። ዋጋው 650,000 ዶላር፣ ገዢው በቅድሚያ የከፈለው 32,500 ዶላር ነበር። ሻጯ ቤቷ መናፍስት እንዳሉበት ለመጽሔትና ለጋዜጣ ስትናገር ኖራ ለገዢው ግን ዝም አለች። ፍርድ ቤቱ፣ ራሷ ለሕዝብ ያወራችውን አሁን መካድ ስለማትችል ቤቱ በሕግ ፊት መንፈስ ያለበት ነው ብሎ ገዢው ከውሉ እንዲወጣ ፈቀደለት። ብዙ ሰው በውሳኔው ስቋል፤ ቁም ነገሩ ግን ቀላል ነው። ገዢው ራሱ ፈልጎ ሊያገኘው የማይችለውን የሚያውቅ ሻጭ ሊናገር ይገባዋል።

ይህ መርህ ለመሬቱ ታሪክ ቢሠራ ስንቱ ይወጣ ነበር! ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን፣ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱባትን የሜሪላንዷን ሲልቨር ስፕሪንግ ማሰብ ይበቃል። በ1920ዎቹ መሬቷን ከሸነሸኑት ነጋዴዎች ዋነኛው ብሩክ ሊ ነበር፤ ኩባንያውም በሚሸጣቸው ቦታዎች ሰነድ ላይ ጥቁሮች እንዳይገዙና እንዳይኖሩ የሚከለክል አንቀጽ ያስገባ ነበር። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዘርን እየለዩ ቤት መከልከልን ከለከለ፤ ያ አንቀጽ ዛሬ ምንም ኃይል የለውም። ጽሑፉ ግን ከአሮጌ ሰነዶች ላይ በራሱ አልጠፋም።

ስለዚህ ዛሬ እዚያ ቤት ገዝቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ዕጣን አጢሶ የሚገባ ሐበሻ በመሬቱ አሮጌ ወረቀት ላይ ለእሱ ቢጤዎች ተከልክሎ በነበረ ቤት ውስጥ ነው የሚተኛው። ሌሊት ምንም ድምፅ አይሰማም፤ በርም በራሱ አይከፈትም። ታሪኩን ማወቅ ለፈለገ ግን መንፈስ ጠሪ አያስፈልገውም። የካውንቲው መዝገብ ቤት በሥራ ሰዓት ክፍት ነው።